ኤዶ ዓናብና ዋጋ የማይቀንሰው ሊንክ

ሰው ሲወለድ አልቅሶ ነው የሚወለደው ይባላል። አንዳንዱ ግን «ቀንሱ!» ብሎ ሳይወለድ አልቀረም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም፤ ካለም ነጋዴዎቹ ደስ ብሏቸው የሚያድሩበት ሰፈር ነው።

በድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት ኤዶ ዓናብ ናቸው። ኤዶ በሶማሌኛ የአባት እህት ማለት ነው። እሳቸው ፋርሒያ ለምትባል የሰፈሩ ወጣት የአባት እህት ናቸው፤ ግን ቀስ በቀስ የሰፈሩ ሁሉ ኤዶ ሆነዋል። «እሳቸው» የምንለውም ለማዕረጉ ክብር ነው እንጂ፣ ድሬ ላይማ ሕፃኑም «ነይ ኤዶ» ነው የሚላቸው።

ቀፊራ ገበያ ሲገቡ ሽንኩርት ሻጮቹ ከሩቅ አይተው ዋጋ ይሰቅላሉ፤ አለዚያ የሚወርዱበት ቦታ አይኖራቸውማ። የባጃጅ ታሪፍ ተለጥፎ ሲያዩ «ይሄ ለእንግዳ ነው» ይላሉ። አንዴ ፋርማሲ ገብተው መድኃኒቱን ከተቀበሉ በኋላ «በይ እስቲ ሁለት ፍሬ መርቂልኝ» ብለዋል አሉ። ዋጋ የጠራባቸውን ሁሉ የሚመልሱት በአንድ ቃል ነው፦ «ይሄ የመክፈቻው ነው፤ መዝጊያውን ንገረኝ።» ሻጩ እንቢ ካለ «ሄድኩ!» ብለው ይነሳሉ። ይሄዳሉ ማለት ግን አይደለም። እስኪጠሯቸው ድረስ እየሄዱ ነው።

ፋርሒያ ኤዶዋን ትወዳለች። እንዲያውም ኤዶ ያሳደጓት ያህል ናት። ነገር ግን ሰሞኑን የራሷ ጭንቀት ነበራት።

ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የስፌት ሥራ ወጥታ በቴሌግራም ድለላ ጀምራለች። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጥ አንድ የልብስና የሽቶ ሱቅ ለእሷ ብቻ የሆነ ሊንክ ሰጥቷታል። ሊንኩ ጫፍ ላይ መለያዋ አለበት። ሰው በዚያ ሊንክ ገብቶ እዚያው ካዘዘ፣ ሱቁ «ይሄን ያመጣችው ፋርሒያ ናት» ብሎ ይመዘግብና ኮሚሽኗን ያስባል። ሥራውን ወዳዋለች። ዳግመኛ ስፌት ማሽን ላይ አልቀመጥም ብላም ምላለች።

ችግሩ ምንድን ነው፣ ሱቁ በሚያሳያት ገጽ ላይ የገባው ሰው ብዛት ጉድ ያሰኛል፤ የገዛ ሰው ግን ዜሮ! ደግሞ ዜሮው እውነት ቢሆን ባልከፋ። ቻናሏ ላይ የለጠፈችውን ዲራ የሚባል ሰፊ ቀሚስ ሁሉ የሰፈሩ ሴቶች ለብሰውት ታያለች። «ወላሂ ሰርግ ቤት ገብቼ የራሴን ቻናል የከፈትኩ ነው የመሰለኝ» አለች ለጎረቤቷ ለነህምያ።

በዚህ መሃል የሱቁ ባለቤት አብዲራህማን ጻፈላት፦ «ፋርሒያ እህቴ፣ ሊንክሽ ተመልካች እንጂ ገዢ አያመጣም። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተለወጠ ቦታሽን ለሌላ ሰው እንሰጣለን።»

ነህምያ ሞባይል ጠጋኝ ነው። መጀመሪያ ራሱ በሊንኩ ገብቶ ሽቶ አዘዘ፤ ወዲያው ተመዘገበ። ትዕዛዙን ሰረዘና «ሊንኩማ ጤነኛ ነው» አለ። ቀጥሎ ቴሌግራምን ጠረጠረ። ሊንኩ ቴሌግራም ውስጥ ይከፈትና ሰውዬው ወደ ሌላ ብራውዘር ሲሻገር የፋርሒያ መለያ እዚያው ይቀራል አለ። ሞከሩት፤ እውነትም አንዳንዴ ይቀራል። ፋርሒያ «ከከፈታችሁበት ሳትወጡ እዘዙ» ብላ ለጠፈች። ሳምንቱ አለፈ፤ አሁንም ዜሮ። በመጨረሻ ነህምያ ኔትወርኩን ረገመ። «አቦ ይሄ ሙቀት እንኳን ኔትወርክ ሰውም ያቀልጣል!»

ፋርሒያ ግን ሌላ ነገር ገብቷታል። አብዲራህማን እየሸጠ እየደበቀኝ ነው ብላ አመነች። ስሙን የሚያጠፋ መልእክት ጽፋ አዘጋጀች። ከመላኳ በፊት ግን አንድ ነገር ቀረኝ አለች፤ ሰው ሲገዛ ቁጭ ብሎ ማየት። ለዚህ ደግሞ ከኤዶ ዓናብ ቤት የተሻለ የት አለ? ከሰዓት፣ የአስር ሰላት ጸሎት ካለቀ በኋላ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ እዚያ ነው።

ገብታ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ጎረቤቲቱ ናዲፋ ስልኳን አወጣች፤ የፋርሒያን ቻናል ከፈተች፤ ሊንኩን ነካች። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ዲራ ብቅ አለ። ፋርሒያ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየች። ናዲፋ ዋጋውን አየችና ስልኩን ለኤዶ ዓናብ አቀበለች።

ኤዶ ዓናብ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ፤ ሳቁ። «ይሄ የመክፈቻው ነው» አሉ። ከዚያ ገጹን ወደ ታች፣ ወደ ታች ገፉት፤ መጨረሻው ላይ የሱቁ ስልክ ቁጥር ተጽፏል። ደወሉ።

«ዋሪያ፣ አንተ አብዲራህማን! እኔ ነኝ።»

ከወዲያ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «ኤዶ፣ ዋጋው እኮ ተጽፏል።»

«የጻፈው ሰው ነው አይደል? የጻፈ ይሰርዛል።»

ዲራው ወረደ፤ ማድረሻው ነፃ ሆነ፤ ሻሽም ተመረቀበት። ናዲፋ «ማሻአላህ!» አለች። ቀጣይዋ ሴት ስልኳን ይዛ ተጠጋች። ለካ አገር ምድሩ በፋርሒያ ሊንክ ይገባና በኤዶ ዓናብ ስልክ ይወጣል!

«ኤዶ! ገደልሽኝ እኮ!» ብላ ፋርሒያ ተነሳች። የሊንኩን ነገር፣ የወሩን መጨረሻ፣ ስፌት ማሽኑን ሁሉ ዘረገፈችው።

ኤዶ ዓናብ ደነገጡ። «እኔ እኮ የልጄ ሥራ ነው ብዬ ነው ሴቱን ሁሉ የምሰበስብልሽ» አሉ ቀስ ብለው። «ካንቺ ዘንድ ሰው በውድ ሲገዛ ዝም ብዬ ልይ?»

ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ። የራሳቸውን ስልክ አውጥተው ሊንኩን ነኩ፤ አንድ ሽቶ መረጡ፤ የተጻፈውን ዋጋ፣ እንዳለ፣ ያለ አንዳች ቃል ከፈሉ። ፋርሒያ ገጹን ከፈተች፤ ዜሮው አንድ ሆኗል። ኤዶ ዓናብ ወደ ሴቶቹ ዞረው «ንኩት፣ ክፈሉ፣ ዝም በሉ!» ብለው አዘዙ። የሳቸውን ትእዛዝ ማን ይጥሳል?

ቁጥሩ ወጣ። ፋርሒያ ቦታዋን አተረፈች፤ የአብዲራህማንን ስም የሚያጠፋውን መልእክትም ሰረዘችው። ደስታዋ ግን ሙሉ አልሆነም፤ ኤዶ ዓናብ ፈዘዙ። ቀፊራ መሄድ ተዉ። «ምን አለኝ ብዬ ልሂድ፣ አፌ ቦዝኗል» ብለው ይተኛሉ። የሚጮህ ቤት ጭር አለ። ፋርሒያ ያ ጩኸት እንዲህ ይናፍቀኛል ብላ አስባ አታውቅም።

አንድ ቀን አብዲራህማን ደወለ። የሥራ መስሏት ነበር።

«ፋርሒያ፣ ያቺ ሰፈራችሁ ያለችው ኤዶ የሚሏት ሴትዮ... ደህና ናት?» አለ አፍሮ። «ስልኩ በጮኸ ቁጥር እሷ ትመስለኛለች። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይከፍላል፤ ንግዱ ንግድ አልመስል አለኝ። ትደውል በያት። ያንቺን ስም ከጠራች በስልክ የታዘዘውንም ላንቺ እቆጥረዋለሁ፤ በግማሽ ኮሚሽን።»

ፋርሒያ እየሮጠች ሄዳ ነገረቻቸው። ኤዶ ዓናብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እንደተኙ ሰሟት። «ግማሽ» ላይ ስትደርስ ዞሩ።

«ግማሽ ብሎሽ እሺ አልሽ?»

«ኤዶ፣ ጥሩ እኮ ነው፣ ይበቃ...»

«ናያ! አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ነጠላ ጫማቸውን በእግራቸው እየፈለጉ ቁጭ አሉ። «ደውዪለት!»

ፋርሒያ ስምምነቱ እንዳይበላሽ ስልኩን መደበቅ ነበረባት፤ ግን አልደበቀችም። ደወለችና ሁለቱም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍታ፣ ኤዶዋን ተደግፋ ተቀመጠች።