ጣዝማዋን ያስቆፈርኳት እኔው ነኝ

ዛሬ በሁለት ትምህርት ቤት ተማሪዎች፣ በርዕሰ መምህራችንና በአንድ ሽማግሌ ፊት ቆሜ በገዛ እጄ የጻፍኩትን ወረቀት ጮክ ብዬ አነበብኩ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። የሚገርመው፣ መሬቷ ተከፍታ ነበር። ችግሩም እሱ ነው።

ሳትስቁ ስሙኝ። ወይም ሳቁ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ለማታውቁኝ፦ ከማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ባለች አንዲት ቀበሌ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የተፈጥሮ ክበብ አለን። አንዳንድ ቅዳሜ ሜዳ እንወጣና ንብ፣ ተርብ፣ ጢንዚዛ፣ ሸረሪት፣ ያገኘነውን ሁሉ ለይተን እንመዘግባለን። አንዱ መረብ ይይዛል፣ አንዱ ፎቶ ያነሳል፣ አንዱ ፎርም ይሞላል። ፎርሙን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓምድ አለው። (አዎ፣ አሥራ አንድ። ሁሉም ያስፈልጋሉ።)

ባለፈው ቅዳሜ የመጀመሪያውን ትልቅ ምዝገባ አደረግን። የመጭ አበባ ሜዳውን ቢጫ አልብሶት ስለነበር ንቡ ለጉድ ነው። ሸረሪት እየጎተተች ጉድጓዷ የምታስገባ ተርብ ሳትቀር አገኘን። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም።

ከዚያ ጥሩዓለም መጣች።

ጥሩዓለም የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ናት፣ ዝምተኛ ልጅ። ጠጋ ብላ "ቲቸር፣ ጣዝማስ ይመዘገባል?" አለችኝ።

ጣዝማ!

ላላያችሁ ላስረዳ። ጣዝማ ከዝንብ የምታንስ፣ የማትናደፍ ንብ ናት። ቤቷን መሬት ውስጥ ትሠራለች። መግቢያዋ እርሳስ የማያስገባ ቀዳዳ ስለሆነ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ምሳውን በልቶ፣ ሳያያት ይነሳል። ማሯ ለሳልም ለሆድም ፍቱን ነው ይባላል። ስለዚህ ቤቷን ያገኘ ሰው ወይ ቆፍሮ ይጨርሳታል፣ ወይ አፉን ይዘጋል።

የጥሩዓለም አያት አያ ሙላት አፋቸውን ከዘጉት ወገን ነበሩ። ጣዝማዋ ያለችው በእርሻቸው ድንበር ላይ ነው። በዓመት አንዴ ከጎን ከፈት አድርገው ጥቂት ማር ይወስዱና መልሰው በቅጠልና በአፈር ይከድኗታል። ለወንዶች ልጆቻቸው እንኳ አልነገሩም። የነገሩት ለልጅ ልጃቸው ብቻ ነው። እሷ ለምና፣ አስፈቅዳ ወሰደችን።

አያ ሙላት ቁጢጥ ብለው ቀዳዳዋን በጣታቸው አሳዩን። "እዩዋት። ከዚህ ከሄዳችሁ በኋላ ግን የለችም" አሉ።

"አያስቡ አያ፣ እኛ እኮ ሳይንስ ነን" አልኳቸው።

ብያለሁ። ምስክር አለ።

አሁን የሠራሁትን ልናገር። ክፋት አልነበረኝም። ከብት እንዳይረግጣት ሰግቼ ቀይ ፌስታል የታሰረበት እንጨት ከቀዳዳዋ አጠገብ ተከልኩ። ለአሥራ ሰባቱም ግኝቶቻችን ተክዬ ስለነበር አንዷን መዝለል ዝርክርክነት መሰለኝ። እንጨቱ ላይ መግለጫ አሰርኩ። ዝናብ እንዳያበላሸው በስኮች ጠቀለልኩት።

ቤት ገብቼ ደግሞ ካርታ ሠራሁ። አሥራ ሰባት ነጥብ፣ ሁሉም ከነሎኬሽኑ። በትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ግሩፕ ፖስት አደረግሁት።

አንድ የማላውቀው ሰው "መምህር፣ ካርታው በጣም ግልጽ ነው፣ እናመሰግናለን" ብሎ ጻፈልኝ።

ልብ ሰጠሁት።

ዛሬ ሁለተኛው ምዝገባ ነበር። ከጎረቤት ቀበሌ ተማሪዎች ጋብዘናል፣ ርዕሰ መምህራችንም መጥተዋል። ስምንቱን ነጥብ እያስረዳሁ አለፍን። ወደ ዘጠነኛው ስንቃረብ ሁሉንም አስቆምኩና "አሁን ድምፅ ቀንሱ፣ ቀስ ብላችሁ እርገጡ" አልኩ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ፣ በእግሬ ጣት እየተራመድኩ መራኋቸው።

ወደ ጉድጓድ።

እስከ ጉልበት የሚያስገባ ጉድጓድ። ባቄላ የሚያካክሉ የሰም ከረጢቶች ተጨፈላልቀው አፈሩ ላይ ተበትነዋል። ጥቂት ጣዝማዎች መግቢያቸው በነበረበት ቦታ አየር ላይ ይዞራሉ። የእኔ እንጨት ተነቅሎ የአፈሩ ክምር ላይ በሥርዓት ተተክሏል።

ከኋላ አንዱ እንግዳ ተማሪ "ቲቸር፣ የቷ ናት ጣዝማዋ?" አለ።

አያ ሙላት ቀድመውን መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

"መምህር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ያቺ ወረቀትህ ምን ትላለች?"

"አያ... ምልክት ናት እንጂ..."

"አንብባት እስቲ።"

እንጨቱን ነቀልኩ። "ቁጥር ዘጠኝ። ጣዝማ። እባክዎ አይንኩ።"

"ደግ። ይኸው ነው?"

አይደለም። ማስረዳት እወዳለሁ፣ ምን ላድርግ። "ማሯ በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ እንደ መድኃኒት ስለሚቆጠር እጅግ ተፈላጊ ነው። ቤቷ ከመሬት በታች አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል።"

"ጥልቀቱንም ጻፍከው?"

"ጥልቀቱንም።"

ርዕሰ መምህሩ ወደ ጮቄ ተራራ ማየት ጀመሩ።

"እንግዲህ ዶማውን ብቻ ነው ያላቀበልከው" አሉ አያ ሙላት።

ተማሪው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም አብሬ ልስቅ ስል ዓይናቸውን አየሁት።

"ይቅር ይበሉኝ አያ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩ።

"አንተንማ መች አውቄህ" አሉ። "ያመንኩት እሷን ነበር።"

ይህን ብለው ተነሥተው ሄዱ። ጥሩዓለምን ዞር ብለው አላዩዋትም።

እሷ ተንበርክካ በእጇ አፈሩን ወደ ጉድጓዱ እየመለሰች ነበር። እኔም ተንበረከኩ። ከዚያ ሌሎቹም። ንግሥቲቱ ካልተረፈች ዋጋ እንደሌለው አውቃለሁ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማውቀውን ሳላስረዳ ዝም አልኩ።

ካርታውን አጥፍቼዋለሁ። ያየው ግን አይቷል።

ከሰዓት ፎርም ስሰበስብ የጥሩዓለም ላይ አንድ ነገር አየሁ። ጣዝማ፣ ዛሬ ጠዋት፣ ፀሐያማ፣ መግቢያዋ ደህና። ሁሉም ተሞልቷል፣ "ቦታ" የሚለው ብቻ ባዶ ነው።

"ይህቺ የቷ ናት?" አልኳት።

"ሌላ ናት። ስመጣ ያየኋት።"

"የት?"

ከአፌ አመለጠኝ። እጄ ላይ እስክሪብቶ እንደያዝኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። "ለእርስዎ አልነግርዎትም፣ ቲቸር። ለአያቴ ነው የምነግራቸው።"

ባዶ ዓምድ ያለበት ፎርም ተቀብዬ አላውቅም። ፈረምኩላት። ደብተሯን ይዛ፣ ወደ ቤቷ በሚወስደው አቋራጭ እየሮጠች ሄደች።

እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ። የሆነው ሁሉ ከሆነ በኋላ፣ እዚህ ተቀምጬ ይህን እየጻፍኩ እንኳ፣ ቦታውን ለማወቅ እየሞትኩ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ያስተምራል ትላላችሁ?