የበርበሬው ሙግት

ልጅ ሲጠሩት «አቤት»፣ ሲልኩት «ወዴት» ካለ አድጓል ይባላል። ይህን ብሂል ያወጡልን አባቶች ነፍሳቸውን ይማርና፣ ነገሩን ምን ያህል እንዳሰቡበት እስቲ ተመልከቱልኝ። ለልጅ አንዲት ጥያቄ ብቻ ፈቀዱለት፤ እሷም «ወዴት?» ናት። «ለምን?» አልተፈቀደም። «እንዴት?» አልተፈቀደም። «ከየት?» ማ ጭራሽ የፖሊስ ጥያቄ ነው። «ወዴት?» የተፈቀደችውም ቢሆን ልጁ ዕውቀት እንዲገበይባት ሳይሆን፣ ጨው ተልኮ ጋዝ ይዞ እንዳይመለስ ነው። እኔም በዚህ ሥርዓት ያደግሁ ሰው ነኝ። ዳዊት ደግሜ ከቄስ ትምህርት ቤት እስክወጣ ድረስ የጠየቅሁት ነገር ቢኖር ውጭ ደርሼ ለመመለስ ፈቃድ ብቻ ነው፤ እሱንም የኔታ አንዳንድ ቀን ይከለክሉኝ ነበር። ሳልጠይቅ አድጌ፣ ሳልጠየቅ ተቀጥሬ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ከመደርደሪያ እያወረድሁ ወደ መደርደሪያ እየመለስሁ በሰላም እኖር ነበር።

ወይዘሪት የሺ እስክትመጣ ድረስ።

ሰፈራችን ከየካ ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ተረተር ላይ ናት። ትምህርት ቤታችን ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፤ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እየጮኸ ስለሚያስተምር አስተማሪዎቹ ያርፋሉ። ዲሬክተሩ ጸጥታ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ከጸጥታም የሚወዱት ማዕረግ ያለው ሰው የተናገረበትን ጸጥታ ነው። እኔ ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ የወላጆች ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርሁ፤ ልጄም እዚያው ሦስተኛ ክፍል ይማር ስለነበር ነገሩን ከሥሩ አውቀዋለሁ።

ወይዘሪት የሺ አስተማሪነት ተምራ፣ ባሕር ማዶም አንድ ዓመት ቆይታ የመጣች ወጣት ናት። በመጣች በሳምንቱ ምን አደረገች? ከቁም ሣጥን አናት ላይ የዓለምን ካርታ አውርዳ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ዲሬክተሩ ያን ካርታ እንዳይደበዝዝ ብለው ጠቅልለው፣ በጨርቅ ሸፍነው፣ ስንት ዘመን የጠበቁት ንብረት ነው! ዓለም እንዲህ እንደ ዋዛ ለሦስተኛ ክፍል ተዘረጋች።

ይህስ ይሁን። ቀጥሎ የመጣው ግን የባሰ ነው። ልጆቹን መጠየቅ ጀመረች። የፈተና ጥያቄ አይምሰላችሁ፤ መልሱን እሷም የማታውቀውን ጥያቄ ነው። ልጄ ማታ መጥቶ «አስተማሪያችን ‹እስቲ እናንተ ፈልጉት፤ እኔም እፈልጋለሁ› አለችን» ሲለኝ፣ የጠቀለልሁትን እንጀራ መልሼ አስቀመጥሁት። ካላወቀችው ለምን ተቀጠረች? እኔ በመዝገብ ቤቱ መስኮት ባለጉዳይ ሲመጣ «እስቲ ፋይልዎን እርስዎ ይፈልጉት» ብዬ አላውቅም። (ባለጉዳዩ በመጨረሻ ገብቶ ራሱ ፈልጎ እንደሚያገኘው አልክድም። ግን አልልም።)

የትምህርቱ አካሄድ እንዲህ ነበር። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ዕቃ ያመጣና «ከየት መጣህ?» እያለ ይመረምረዋል። ጎረቤት ይጠይቃል፣ ነጋዴ ይጠይቃል፣ ሲያቅት መጽሐፍ ይገለጣል። አገሩ ሲታወቅ ከካርታው ላይ ከእኛ ተራራ እስከዚያ አገር ድረስ ቀይ ክር ይሳባል። አንዱ ክብሪት አመጣ፤ አንዷ የእናቷን ጃንጥላ። የኔ ልጅ ባርኔጣዬን ይዞ ሄዶ የትውልድ አገሯ እስኪጣራ ድረስ ራሴን ፀሐይ ሲጠብሰኝ ሰነበተ።

ዘነበች ያመጣችው ግን አንዲት ዛላ በርበሬ ነው።

ዘነበች የባላምባራስ ደገፉ የልጅ ልጅ ናት፤ እሳቸው ዘንድ ነው የምታድገው። የበርበሬ ነጋዴዋን ጠየቀች፤ «ከማረቆ» አሏት። ወይዘሪት የሺ «ከማረቆ በፊትስ?» አለች። ከማረቆ በፊት! ሰው እኮ ማረቆ ከደረሰ በኋላ አርፎ መመለስ ነው የሚገባው። እነሱ ግን አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገልጠው፣ ቃል በቃል እየተረጎሙ ሲቆፍሩ ከርመው፣ በርበሬ በጥንት ጊዜ ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ባሕር እያቋረጠ ወደ እኛ መምጣቱን ደረሱበት። መንገዱ ከመርዘሙ የተነሣ ቀዩ ክር አልበቃ ብሎ የቀረውን በሲባጎ ጨረሱት አሉ።

አሁን ወደ እሳቱ እንቅረብ። ባላምባራስ ያን እሑድ የማኅበር ተረኛ ነበሩ። ከእንጦጦ ራጉኤል ቅዳሴ የወረዱት ካህናት በቤታቸው ተቀምጠዋል፤ እኛም ጎረቤቶች ተጠርተናል። ወጡ ወጣ፤ ቀይ፣ የሚያላብስ፣ የባለሙያ ወጥ። ሁሉም እጁን ሰድዶ ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት ዘነበች ማስታጠቢያ እንደያዘች፣

«አባባ» አለች፣ «በርበሬ ከመምጣቱ በፊት ሰዎች ምን ይበሉ ነበር?»

«ምን አልሽ?»

«በርበሬ ሳይመጣ።»

«በርበሬ የት ሄዶ ነበርና ነው የሚመጣው?» አሉ ባላምባራስ።

«አሜሪካ ነበረ፤» አለች።

አንድ ቄስ ትን አላቸው። ሌላው የጠቀለሉትን ጉርሻ አየት አድርገው፣ ጥቂት አመንትተው፣ አማትበው ጎረሱት። ባላምባራስ ግን እጃቸውን ታጠቡ። «በቤቴ፣ በእንግዶቼ ፊት፣ ወጤ የፈረንጅ ነው ተባልሁ!» አሉ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ዘነበች ከትምህርት ቤት ቀረች። ባላምባራስም ሰኞ ጧት በከዘራቸው መሬቱን እየወጉ ዲሬክተሩ ቢሮ ገብተው «ወይ እሷ፣ ወይ እኔ!» አሉ። «እኔ» ማለታቸው ምን እንደሆነ አልገባንም፤ እሳቸው ተማሪም አስተማሪም አልነበሩም። ዲሬክተሩ ግን የገባቸው መሰሉ። ወይዘሪት የሺን ወደ ጠረፍ የሚያዛውራት ደብዳቤ አስጽፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና «ሽማግሌ ይቀመጥ፤ ጥፋተኛ ናት ካለ እሰጣታለሁ» አሉ። ጠረፍ ማለት በዚያን ጊዜ ሄዶ በወባ መመለስ ነው፤ መመለስ ከተቻለ።

ስለ ባላምባራስ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አለዚያ የሚመጣው አይገባችሁም። በጉልምስናቸው ዘመን የታወቁ ተሟጋች ነበሩ። ካራ በምትባለው መንደር ስለ አንድ ጋሻ መሬት «ተጠየቅ!» ብለው የተነሡ እንደሆነ ሰው ስንቅ ቋጥሮ ሊሰማቸው ይወጣ ነበር። በኋላ አዲሱ ሕግ መጣ። አንድ ቀን ፍርድ ቤት ገብተው፣ ሸማቸውን አደግድገው «ተጠየቅ!» ሲሉ፣ ባለ መነጽሩ ወጣት ዳኛ ቀና ብሎ «ማመልከቻ አስገብተዋል?» አላቸው። ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ያን ድምፅ የሰማው አልነበረም።

የሽምግልናው ቀን በትምህርት ቤቱ ሜዳ፣ ከጥዱ ሥር ተሰበሰብን። ዳኛ ሆነው የተቀመጡት የካራው ገበሬ ኦቦ ቱፋ ናቸው፤ በዚያ በካራው መሬት ከባላምባራስ ጋር ዕድሜ ልካቸውን የተሟገቱት ሰው። ሁለቱም ሳይረቱ አርጅተው ወዳጅ ሆነዋል። ልጆቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ፤ ዘነበችም ከሁሉ ጥግ።

ባላምባራስ ተነሡ። «በሕግ አምላክ! በመጀመሪያ ቁራኛ ይታሰርልኝ!»

ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ እንዳይጠፋፉ የሸማቸው ጫፍና ጫፍ ተቋጥሮ ነበር የሚሄዱት፤ ቁራኛ ማለት ይህ ነው።

«ኧረ ባላምባራስ፣ እሱ እኮ ቀርቷል» አሉ ኦቦ ቱፋ።

«በማን ቃል ቀረ? እኔ ሳልሰማ?»

ኦቦ ቱፋ ወደ ወይዘሪት የሺ ተመለከቱ። እሷም ነጠላዋን ከትከሻዋ ሳብ አድርጋ ጫፉን ሰጠች። ከባላምባራስ ጋቢ ጋር ቋጠሩት። ልጆቹ ሳቁ፤ ዲሬክተሩ «ጸጥታ!» አሉ።

«ተጠየቂ!» አሉ ባላምባራስ። ወገኖቼ፣ ያ ድምፅ! የጥዱ ወፎች ተነሥተው ሄዱ።

«ልጠየቅ!» አለች። የሽማግሌ ልጅ ኖራለች፤ ሥርዓቱን ታውቃለች።

«በርበሬ የእኛ ነው! አይደለም ካልሽ አንድ ገምቦ ማር ልወራረድ!»

«ደሞዜ የገምቦ ማር አይችልም፣ አባቴ። በአንድ ጠመኔ ልወራረድ።»

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ጠመኔ ለአስተማሪ ከማር አያንስም ተባለ።

«አሁን እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «በደጅዎ የቆመው ባሕር ዛፍ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ! አባቴ ተከለው፣ እኔ ወረስሁት!»

«ዘሩስ?»

ዘሩን ፈረንጅ ከባሕር ማዶ እንዳመጣው በዚያ ሜዳ ላይ የማያውቅ አልነበረም፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። እንጦጦ ሙሉውን ባሕር ዛፍ ለብሶ ከበላያችን ቆሟል። ቤታችን በሱ ተሠርቷል፤ ምድጃችን በሱ ይነድዳል። ሁላችንም ቀና ብለን ተራራውን አየነው፤ ተራራውም ዝም ብሎ አየን። እኔ ጨዋታው አለቀ፣ ባላምባራስ ተረቱ ብዬ ነበር።

አልተረቱም። ጋቢያቸውን አጣፉ፤ ከዚያ ቋጠሮ ጋር የወይዘሪት የሺም ነጠላ አብሮ ተሳበ።

«ምራት ከየት ትመጣለች? ከባዳ ቤት! ስትገባ ምን ናት? እንግዳ! ወልዳ፣ ከብዳ፣ ጓዳውን ከያዘች በኋላስ? አማቲቱ ራሷ ቢላዋ የጠፋባት እንደሆነ የት ነው ብላ የምትጠይቀው እሷን ነው! ዛፉ በዝናቤ አደገ፤ የኔ ነው። በርበሬስ? እዚያ ማዶ ዝም ብሎ ቅጠል መሃል ተንጠልጥሎ ኖረ እንጂ ማን ዐወቀው? አስጥቶ፣ ቀንጥሶ፣ በኮረሪማ በነጭ ሽንኩርት ደልዞ፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቃው ማነው? መጣ እንጂ ባዕድ አይደለም!»

«ዱጋ!» አሉ ኦቦ ቱፋ በኦሮምኛ፣ «እውነት ነው!» ብለው ጉልበታቸውን መታ እያደረጉ። ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብሁ፤ የማንን ወገን ይዤ እንደነበር ለጊዜው ተረስቶኝ።

ወይዘሪት የሺ ግን ዓይኗ በራ። «ተረታሁ» አለች። «እኔና ልጆቹ ስንፈልገው የከረምነው ይሄንን ነበር። ‹ከየት መጣ› የሚለውን አገኘን፤ ‹ታዲያ የማን ነው› ሲባል መልስ አጣን። እርስዎ መለሱልን።» ጠመኔውንም በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ባላምባራስ ጠመኔውን እንደ ርስት ደብዳቤ ተቀበሉት።

ዲሬክተሩም ጉሮሯቸውን አጸዱ። «እንግዲህ ራሷ ተረታሁ ካለች…» ብለው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። ደብዳቤው ወጣ። የተረታ ይቀጣል፤ ሥርዓቱ ይኸው ነው። የወይዘሪት የሺ ፊት ቀስ እያለ ሲዳምን አየሁ።

«ይግባኝ!»

ሁላችንም ዞርን። ዘነበች ናት። ከግድግዳው ጥግ መጥታ አያቷ ፊት ቆመች።

«የማን ልጅ ናት ይግባኝ የምትል?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«የማን ትሆናለች!» አሉ ኦቦ ቱፋ እየሳቁ። «ተናገሪ፣ ልጄ።»

«አባባ፣ ከእኛ አገር የወጣው ቡና ብራዚል ሄዶ በቅሏል። ካርታው ላይ ክሩን ስበንለታል። በርበሬ እዚህ ስለበቀለ የእኛ ከሆነ፣ ቡናው የማን ሊሆን ነው?»

«የእኛ ነዋ!» አሉ ባላምባራስ ሳይጨርሱላት። ከዚያ ዝም አሉ። ከንፈራቸው ተላወሰ። ምራቲቱ፣ ጓዳው፣ ቢላዋው፣ ሁሉም በፊታቸው ሲያልፍ ይታየኝ ነበር። ቡናችን የእኛ ከሆነ በርበሬ ሊያመልጥ ነው፤ በርበሬ የእኛ ከሆነ ቡና ተድራ ሄዳለች። ኦቦ ቱፋ ዕድሜ ልካቸውን ያን ዝምታ ለመስማት ሲሟገቱ ኖረው አላገኙትም ነበር፤ አሁን በደስታ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ቀጠሮ ይሰጠኝ» አሉ ባላምባራስ በመጨረሻ።

«ተሰጥቷል!» አሉ ኦቦ ቱፋ።

«ታዲያ…ደብዳቤውስ?» አሉ ዲሬክተሩ።

«የምን ደብዳቤ?»

«የዝውውሩ። ወደ ጠረፍ…»

ባላምባራስ በቀስታ ወደ እሳቸው ዞሩ። ቋጠሮውን ብድግ አድርገው አሳዩአቸው። «ሙግቴ ሳያልቅ ቁራኛዬን ማነው ከእጄ የሚያወጣት? የታሰረ ሰው ወዴት ነው የሚዛወር? በሕግ አምላክ ብያለሁ፤ ይቺን ከዚህ የሚነቅላት መጀመሪያ እኔን ይንቀል!»

ዲሬክተሩ ማዕረግ ያለው ሰው ተናግሯልና ደብዳቤውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። ያ ኪስ እስከ ዛሬም አልተገለበጠም መሰለኝ።

በማግሥቱ ጧት ወደ ቢሮ ስወርድ በትምህርት ቤቱ መስኮት በኩል አለፍሁ። ዘነበች ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። አጠገቧ፣ ለሦስተኛ ክፍል ልጅ በተሠራው አግዳሚ ላይ፣ ባላምባራስ ደገፉ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም ሳይቀረው ተቀምጠዋል። ወይዘሪት የሺ ካርታውን እያሳየች ትናገራለች። ልጆች ለመናገር ጣታቸውን ያወጣሉ፤ ባላምባራስ ከዘራቸውን አወጡ።

«ይናገሩ፣ ባላምባራስ።»

«እኔ» አሉና ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ «ጥያቄ አለኝ።»

ለቢሮ ረፍዶብኛል። አለቃዬ የዘገየ የማይወድ ሰው ነበር። ግን እናንተስ ብትሆኑ፣ ጥያቄውን ሳትሰሙ ትሄዱ ነበር?