በየስብሰባው የሚፈጥነው ሯጭ

በሩጫ ታሪክ ውስጥ በእግራቸው ሰዓት ያሻሻሉ ጀግኖች ብዙ ናቸው። ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ያውም እግሩን አጣምሮ እንደተቀመጠ፣ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ አራት ደቂቃ ያሻሻለ ሰው ግን ከተቆጣጣሪያችን በቀር አልተሰማም። ይህ ጽሑፍ ለዚሁ ታላቅ ገድል መታሰቢያ እንዲሆን በልዩ ትኩረት የተሰናዳ ነው።

ተቆጣጣሪያችን የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነው። ሥራው ሚዛን መመርመር ነው። የናስ ክብደቶቹን በጥቁር ቦርሳ ይዞ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፤ የነጋዴውን ኪሎ ከራሱ ኪሎ ጋር ያስተያያል፤ ጎድሎ ካገኘው ሱቁን በሽቦና በእርሳስ ማኅተም ያሽጋል። በሃያ አራት ዓመት አገልግሎቱ አንዲት ግራም አላመለጠችውም። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች "እሱ እኮ ሲያዛጋም ለክቶ ነው" ይሉታል። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው እንዴት አድርጎ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ ጠፋበት ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው በማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ነው።

ማኅበሩ "የአማተር ማራቶን ሯጮች የልምድ ልውውጥ ማኅበር" ይባላል። በሳምንት ሁለት ቀን ይሰበሰባል፣ አንድ ቀን ይሮጣል፤ ዝናብ ከጣለ ሦስቱንም ቀን ይሰበሰባል። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ናቸው። አባላቱ ዛሬም "ዲሬክተር" ይሏቸዋል፣ እሳቸውም ዛሬም ያረፈደውን በር ላይ ያቆማሉ። ስለ ሩጫ ሲናገሩ "ከመድረኩ የተገኙትን ምርጥ ተሞክሮዎች ቀምረን፣ አስፍተን፣ ወደ ታች ማውረድ ይጠበቅብናል" ይላሉ። ታች የት እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። እሳቸው ራሳቸው ሲሮጡ የታዩት ስብሰባ የረፈደባቸው ዕለት ብቻ ነው።

ተቆጣጣሪያችን ሲጀምር ልቡ ንጹሕ ነበር፣ አይታማም። አምና የመጀመሪያ ማራቶኑን ሮጦ ስድስት ሰዓት ከሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀበት። ሲገባ አዘጋጆቹ በአየር የተነፋውን የመግቢያ ቅስት አስተንፍሰው እያጠፉት ነበር፤ ሜዳሊያውንም መኪና ላይ ከተጫነ ካርቶን ውስጥ ፈልገው ነው የሰጡት። በሳምንቱ ተሞክሮውን እንዲያካፍል መድረክ ላይ ተጠራ። ሊናገር የተዘጋጀውም እውነቱን ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ከእሱ በፊት የወጣው ባለልኳንዳ "እኔ በአራት ሰዓት ከሃምሳ ገባሁ፤ ያውም ተረከዜን እያመመኝ!" ብሎ ደረቱን ነፍቶ ወረደ።

ይህ ባለልኳንዳ ደግሞ ማን መሰላችሁ? ከሁለት ዓመት በፊት ሚዛኑ በኪሎ ሁለት መቶ ግራም ጎድሎ ተገኝቶ፣ ተቆጣጣሪያችን ሥጋ ቤቱን ለሁለት ሳምንት ያሸገበት ሰው ነው። በሌላ ሰው መበለጥ ያለ ነው፤ በዚህ ሰው መበለጥ ግን የማይታሰብ ነው። ተቆጣጣሪያችን ማይኩን ጨበጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገና "አምስት ሰዓት ገደማ" አለ። ያቺ ምስኪን "ገደማ" አንድ ሰዓት ከሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ተሸክማ ቆመች።

ከዚያ በኋላ የሆነው የእሱ ጥፋት ብቻ አይደለም። በሁለተኛው ወር ዲሬክተሩ ለአዲስ አባላት ሲያስተዋውቁት "በአራት ሰዓት ተኩል የገባው ወንድማችን" አሉ። ተሳስተው ነው። ታዲያ ትልቅ ሰውን በሰው ፊት ማረም ነውር ስለሆነ ዝም አለ። በአምስተኛው ወር ራሱ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "አራት ከአሥር" አለ። "የመጨረሻዎቹን ስድስት ኪሎ ሜትሮች እግሬ ነው የሮጠው፤ እኔ ከኋላው እየተከተልኩ ነበር" የምትል ነገርም ጣል አደረገባት፤ አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ዓመቱ ሲያልቅ ሰዓቱ ሦስት ከአርባ አምስት ላይ ደርሶ ቆመ። ለምን እዚያ ላይ እንደቆመ እሱም አያውቅም። ምናልባት የዓመቱ ስብሰባ ስላለቀ ይሆናል።

ወሬው ሚስቱ ጆሮ ገባ። ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ቀኑን ሙሉ "ደረሰ፣ ደረሰ" የሚሏትን ሰዎች "ገና ነው፣ አይዞሽ" ስትል የምትውል። አምና የሩጫው ዕለት ተረኛ ስለነበረች ሲገባ እንዳላየችው ተቆጣጣሪያችን በሚገባ ያውቃል። ከሥራ ስትመለስ "እንዴት ነበር?" አለችው፣ "ደህና ነበር" አላት፣ በዚያው አለቀ። አንድ ቀን ግን ሥጋ ልትገዛ ሄዳ፣

"ባልሽ እኮ በሦስት ከአርባ አምስት የሚገባ አንበሳ ነው፣ እህቴ" አላት ባለልኳንዳው።

"እንዴ! እንዲያ ነው?" ብላ ሥጋዋን ይዛ ተመለሰች። ቤት ገብታም እግሩን የሚዘፈዝፍበት ሙቅ ውሃ አቀረበችለት እንጂ ምንም አላለችው።

ጉድ የፈላው የሩጫው አዘጋጆች ለማኅበሩ ደብዳቤ የጻፉ ዕለት ነው። ለዘንድሮው ማራቶን የፍጥነት መሪ ፈልገው ነበር። የፍጥነት መሪ ማለት፣ የሚገባበት ሰዓት የተጻፈበት ትንሽ ባንዲራ ጀርባው ላይ ታስሮለት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል ፍጥነት የሚሮጥ ሰው ነው። በዚያ ሰዓት መግባት የሚፈልግ ሁሉ እሱን ተከትሎ ይሮጣል።

"የሦስት ሰዓት ከአርባ አምስቱን ባንዲራ ከእኛ ማን ይሸከማል?" አሉ ዲሬክተሩ። ሁሉም ዞሮ አየው።

"እኔ እንኳ ጉልበቴን ትንሽ..."

"ትህትናህን እናውቀዋለን።"

"ትህትና አይደለም ዲሬክተር፣ የምር ጉልበቴን..."

"አያችሁ? ጀግና እንዲህ ነው የሚናገረው!"

በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የእሱም እጅ ወጥታ ነበር፤ ማን እንዳወጣት አያውቅም።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ቀድማ ሰምታለች። "ዘንድሮ ፈቃድ ወስጄ መግቢያው ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ" አለችው። ሕዝብ ፊት መዋረድ አንድ ነገር ነው፤ ሕዝብ ይረሳል። ይህች ሴት ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ "የኔ ባል ሌላ ሌላው ይቅርና መዋሸት አይችልበትም" ስትል የኖረች ናት። ባንዲራውን አዝሎ እያነከሰ ሲመጣ ካየችው፣ ከዚያ ወዲያ "ደህና ነኝ" ቢላት እንኳ የምታምነው አልመስልህ አለው። ያስፈራው ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ስለዚህ ማንም የማኅበሩ አባል ያልሞከረውን ነገር ሞከረ፤ ተለማመደ። አራት ወር ሙሉ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ሮጠ። በሥራ ሰዓትም ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ቦርሳውን አንግቶ ከሱቅ ሱቅ እየሮጠ ሄደ። ተቆጣጣሪ እየሮጠ ሲመጣ ያዩ ነጋዴዎች ደግሞ በራቸውን ለመዝጋት ሮጡ። በዚያ ሰሞን የገበያው መንደር በሙሉ ጥሩ ልምምድ አደረገ።

የሩጫው ቀን ደረሰ። ዲሬክተሩ ሃያ ደቂቃ የፈጀ አጭር ንግግር አድርገው ሸኙት። ከባንዲራው ኋላ አርባ የሚሆን ሰው ተሰለፈ፤ አሥራ አንዱ፣ ባለልኳንዳውን ጨምሮ፣ የማኅበሩ አባላት ናቸው። እስከ አሥረኛው ኪሎ ሜትር ነገሩ ግሩም ነበር። ሃምሳ ሦስት ደቂቃ! ልክ ባንዲራው እንደሚለው! ተቆጣጣሪያችን "ለካ አልዋሸሁም፤ ቀድሜ ነው የተናገርኩት" ብሎ ልቡ ሞቀ። አሥራ አራተኛው ላይ እግሩ ከዳው።

"ወንድሞቼ፣ እህቶቼ" አለ እያለከለከ፣ "አሁን ወደ ጥንቃቄው ምዕራፍ ገብተናል። ጉልበት እንቆጥባለን።"

አንዲት ወጣት ሰዓቷን አየች። "አባባ፣ ዘገየን እኮ።"

"ልጄ፣ ባንዲራው ምን ይላል?"

"ሦስት ከአርባ አምስት።"

"በቃ።"

ልጅቱ ባንዲራውን አየች፣ ሰዓቷን አየች፣ አዘነችለት መሰል ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርጋ ጥላው ሄደች። ሌሎቹም ተከትለዋት እንደ ጨው ዘር ተበተኑ። የማኅበሩ አሥራ አንድ ሰዎች ግን ንቅንቅ አላሉም። ሰዓት ሳያስሩ ቀርተው አይደለም፣ ሁሉም አስረዋል። ነገር ግን አንዴ ቃለ ጉባኤ ውስጥ የገባን ነገር የእጅ ሰዓት ሊሽረው አይችልም።

ሃያ አምስተኛው ላይ መራመድ ጀመሩ። የአራት ሰዓቱ ባንዲራ ካለፋቸው ቆይቷል። አሁን የአራት ተኩሉ አለፋቸው። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሌላ ባንዲራ እየተውለበለበ መጣ።

"ጋሼ" አለ ባለልኳንዳው፣ "ይኼ የአምስት ሰዓቱ አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"ከእኛ ኋላ መሆን አልነበረበትም?"

"ከዕቅድ ውጪ እየሮጠ ነው። ስሜታዊ ሰው ነው።"

"ወይ ዲሲፕሊን ማጣት!" አሉ አባላቱ፣ እያነከሱ።

ሠላሳ አምስተኛው ላይ ሌሎቹ ትንሽ ወደ ኋላ ሲቀሩ ባለልኳንዳው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጋሼ፣ በሞቴ፣ አምና በስንት ነው የገባኸው? የምሩን።"

"ስድስት ከሠላሳ ዘጠኝ።" ከአፉ እንዴት እንደቀለለችው ገረመው። "አንተስ?"

"እኔማ ምኑን አውቄው። ሠላሳኛው ላይ የደከመ የሚለቅመው አውቶቡስ ነው ያመጣኝ።"

ጥቂት ተራመዱ።

"ሥጋ ቤቴን ያሸግከው ግን በሁለት መቶ ግራም ነው" አለ ባለልኳንዳው።

"በሁለት መቶ ግራም" አለ ተቆጣጣሪያችን። ሁለቱንም ሳቅ አፈናቸው። ሲስቁ ጎናቸውን ስለወጋቸው ቆመው ተደጋገፉ።

መግቢያው ላይ የተሰቀለው ትልቅ ሰዓት ስድስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ይላል፤ ጀርባው ላይ ያለው ባንዲራ ሦስት ከአርባ አምስት ይላል። ፎቶ አንሺው ሁለቱን በአንድ ፎቶ ለማስገባት ብሎ መሬት ላይ ተንበረከከ። ሚስቱ እዚያው ቆማለች፤ በአንድ እጇ የእሱን ነጠላ ጫማ፣ በሌላው የውሃ ጠርሙስ ይዛለች። ተቆጣጣሪያችን በመንገዱ ላይ ሦስት ውሸት አዘጋጅቶ ነበር፦ የወደቀ ሰው አነሣሁ፣ መንገድ አሳቱን፣ ሆዴን ቆረጠኝ። የትኛውን ላስቀድም ብሎ ሲያመነታ፣

"ሃያ ሰባት ደቂቃ አሻሻልክ" አለችው።

"ምን?"

"አምና ስድስት ከሠላሳ ዘጠኝ ነበራ።"

"አንቺ... ተረኛ አልነበርሽም እንዴ?"

"ከጓደኛዬ ጋር ተቀያይሬ መጣሁ። ከዚያ ድንኳን ኋላ ቆሜ አየሁህ። አንገትህን ደፍተህ ስትገባ፣ እንዳታፍር ብዬ ተመለስኩ።"

"ዓመት ሙሉ እንዴት ዝም አልሽኝ?"

"ትነግረኛለህ ብዬ ነዋ። በል ውሃህን ጠጣ።"

ውሃውን ሲጠጣ እንባው መጣ። አፈረ፣ ግን ደስ አለው። ሃያ ሰባት ደቂቃ! በሕይወቱ አንድ ነገር በእግሩ አሻሻለ። እንደ ቃለ ጉባኤው ከሆነ ግን ሁለት ሰዓት ከሃያ ሰባት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል። ይህን ድል ለሰው ለመናገር መጀመሪያ አምናን መናገር አለበት።

ቅዳሜ ከሰዓት ማኅበሩ ተሰበሰበ። ተከታዮቹ በየተራ እየወጡ "በሦስት ከአርባ አምስት ገባን" አሉ። ባለልኳንዳው "እኔ መጨረሻ ላይ ቀደም ስላልኩ ሦስት ከአርባ አራት" አለ። በመጨረሻ ተቆጣጣሪያችን ተነሣ።

"አምና በስድስት ከሠላሳ ዘጠኝ፣ ዘንድሮ በስድስት ከአሥራ ሁለት። ሃያ ሰባት ደቂቃ አሻሽያለሁ!" አለ፣ አፉን ሞልቶ።

ዲሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። "ይህ እንግዲህ ያው የተለመደው ትህትና..."

"ትህትና አይደለም ዲሬክተር። ሰዓት ነው።"

ዲሬክተሩ አሰቡ፣ አሰቡና ፊታቸው በራ። "አንተ የመለኪያ ባለሙያ ነህ። እንግዲያው መንገዱ ከልኩ የረዘመ እንደነበር አንዲት ወረቀት ላይ ፈርምልን። ያንተም ሰዓት ይስተካከላል፣ የማኅበሩም ክብር ይጠበቃል።" እስክሪብቶ አቀበሉት።

ተቆጣጣሪያችን እስክሪብቶውን አየው። እውነቱን ለመናገር እጁ ሄዳ ነበር፤ በማኅበሩ ውስጥ የለመደችው መውጣትና መፈረም ነው። ግን ሚስቱ ከድንኳን ኋላ ቆማ ታየችው።

"የጎደለው መንገዱ አይደለም" አለ፣ እስክሪብቶውን እያስቀመጠ። "አልፈርምም።"

ማኅበሩ በጉዳዩ ላይ በሰፊው ከተወያየ በኋላ ሁለት ውሳኔ አሳለፈ። አንደኛ፣ በሦስት ከአርባ አምስት ሳይገባ ገባሁ በማለት ማኅበሩን ያሳሳተው አባል ከዛሬ ጀምሮ እንዲሰናበት። ሁለተኛ፣ ይህንኑ አባል እግር በእግር ተከትለው በሦስት ከአርባ አምስት የገቡት አሥራ አንድ አባላት የምስጋና ወረቀት እንዲሰጣቸው። ባለልኳንዳው ለአንደኛው እጁን ሲያወጣ መሬት መሬት ያይ ነበር፤ ለሁለተኛው ግን ቀና አለ።

ተቆጣጣሪያችን ቤቱ ገብቶ፣ ሚስቱ የቆሰለ ተረከዙን በፋሻ እየጠቀለለችለት፣ ታሪኩን እንደ ጉድ አወራላት።

"እናልሽ ብድግ ብዬ 'አልፈርምም!' ስል አዳራሹ ተንቀጠቀጠ። ስልሳ ሰው ፊት እኮ ነው!"

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። "ስንት ሰው ፊት?"

"አርባ ይሆናሉ።"

ፋሻውን ጠበቅ አደረገችው።

"ሠላሳ።"

አሁንም ጠበቅ አደረገችው።

"አሥራ አራት" አለ ተቆጣጣሪያችን። "እኔንና የጽዳት ሠራተኛዋን ጨምሮ።"

"ባንዴ አርባ ስድስት አሻሻልክ" አለችና ፋሻውን ላላ አደረገችለት።