ጂን ያለበት ቤት

ሰው በለፋበት ነገር ሲኮራ ብዙም አያምርበትም፤ ልፋቱ ትዝ እያለው ፊቱ ይኮሳተራል። ኩራት የሚያምረው በነጻ ባገኙት ነገር ነው። ቁመናዬ፣ አፍንጫዬ፣ ወንዜ፣ አጥንቴ እያለ የሚንጎራደደውን ሰው ልብ ብላችሁ እዩት። አንዱንም አልሠራውም፣ አንዱንም አልገዛውም፤ ተሸክሞት ግን ቀኑን ሙሉ ይውላል፣ አይደክመውም። እንዳልሰድበው እኔም ከዚያው ነኝ። ድጓ ለመማር ስንት ደብር ዞሬ፣ ስንት ክረምት በብርድ ተቆራምጄ፣ ዛሬ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ዜማ የማስተምር መሪጌታ ነኝ። መኩራት የሚገባኝ በዚህ ነበር። እኔ ግን የምኮራው በጸጉሬ ነው።

በሞላው ጸጉሬ አይደለም፣ አትሳቁ። ግንባሬ ላይ ከተወለድኩ ጀምሮ ነጭ የሆነች፣ በሁለት ጣት የምትያዝ ጸጉር አለች። አባቴም ነበረችው፣ አያቴም ነበረችው። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን ፈረስ ቦቃ እንደምንለው፣ አገሩም እኛን «የቦቃ ቤት» ይለናል። ሌላ ሰው ቢባለው ስድብ ይመስለው ይሆናል፤ ለእኛ ማዕረግ ነው። ታላቅ እህቴ እታለምማ «መልአክ የሳመው ግንባር ነው» ነው የምትለው። የራሷን ግን ሻሽ ጠምጥማበት ነው የምትኖረው፤ ዓይን እንዳይበላት። ኩራትን ሸፍኖ መኖር ከሁሉ የከፋው ኩራት ነው ብዬ ልገሥጻት አስብና የራሴ ጥምጣም ትዝ ይለኛል።

እታለም የምትኖረው ሉማሜ ነው። ልጇ ይበልጣል ትሁን የምትባል የደምበጫ ልጅ አግብቶ ማስተዋልን ወለዱ። ማስተዋል አንዱ ዓይኗ ጥቁር፣ አንዱ ዓይኗ ጥርት ያለ ሰማይ ነው። በዓይኔ አየሁት ብል ታምኑኛላችሁ? እኔ ሳያት ሁልጊዜ ልቤ ይደነግጣል፣ ከውበቷ የተነሳ። ግን ከኋላዋ ቢጠሯት ዞር አትልም። ነጋሪት ቢመታም ዞር አትልም። አትሰማም።

እታለም ፍርዱን የሰጠችው ገና ልጅቷ ሳትድህ ነው። «ጂን ነው! ከእናቷ ወገን የመጣ ጂን ነው። ጂን ካለበት ቤት ተጋባን!» አለች። ጠበሉ ሁሉ ተዳረሰ። ትሁን ያችን ልጅ አዝላ ያልወጣችው ዳገት የለም፣ አንድም ቀን አፏን ከፍታ መልሳ አታውቅም። ይበልጣል ደግሞ ጎበዝ ገበሬ ነው፣ በሬ ጠምዶ ይፈታል፤ እናቱ ፊት ግን ምላሱን የሚፈታለት አጣ። በመጨረሻ እታለም ዘመድ ጠራች። ትሁን ልጇን ይዛ ወደ ደምበጫ፣ ወደ አባቷ ቤት ትመለስ ተባለ። እኔ የተጠራሁት ለምርቃት ነው። ምን ተብሎ እንደሚመረቅ እንጃ!

ብቻዬን መሄድ ስለፈራሁ ልጄን ስመኝን ይዣት ሄድኩ። ስመኝ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ልጄ ስለሆነች አይደለም የማመሰግናት... ውሸቴን ነው፣ ልጄ ስለሆነች ነው! ደስ ይበለኝ እንጂ፣ ለማን ልተወው?

ቤቱ በዘመድ ሞልቷል። ትሁን ጥግ ላይ ናት፤ ዕቃዋን የቋጠረችበት ከረጢት ከጎኗ ተቀምጧል። ስመኝ ማስተዋልን ታቅፋ ዓይኗን አየች፣ ጸጉሯን ፈታ ፈታ አድርጋ አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ «እታለም፣ ይሄ እኮ የጂን ጉዳይ ነው» አለች።

አይ ያቺ ቀን! እታለም ዘላ ተነሳች። «አላልኳችሁም? አላልኳችሁም? ይኸው ዩኒቨርሲቲም ደረሰበት!» ቤቱ አማተበ። ትሁን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔ በበኩሌ፣ ልጄን ሳይንስ ትማር ብዬ ልኬ ጠንቋይ ሆና ተመለሰችልኝ ወይ ብዬ ላብ አጠመቀኝ።

«የለም፣ የለም! እርኩሱን አይደለም የምልዎት» አለች ስመኝ፣ ደንግጣ። «በዘራችን ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ነው። ዘረ መል ይባላል በአማርኛው። እኔ የማጠናው ጂን የሚቆጣጠሩ ፕሮቲኖችን ነው።»

«ጂን መቆጣጠርማ የደብተራ ሥራ ነበር» አሉ አንድ የጎረቤት ሽማግሌ። «ለሴት የተፈቀደው መቼ ነው?»

ስመኝ ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ ድጓዎ ላይ ከፊደሉ በላይ የተጻፈችው ትንሿ ነገር ምን ትባላለች?»

«ምልክት» አልኩ። ይቺን ስትጠይቀኝ ወገቤ ቀና አለ።

«ምልክቷ ብትጠፋስ?»

«ንባቡ አለ፣ ዜማው የለም። ተማሪው የት እንደሚያነሳ፣ የት እንደሚቆርጥ አያውቅም።»

«በቃ፣ እሱ ነው» አለች። ሴል በሚሏት፣ ዓይን በማያያት በእያንዳንዷ የሰውነታችን ጎጆ ውስጥ መጽሐፉ በሙሉ አለ አለችን። የጉበቱም ያው፣ የዓይኑም ያው። ግን ሁሉም ሁሉን አያነብም። እነዚያ ፕሮቲኖች ጽሑፉ ላይ እየተቀመጡ «ይሄን አንብብ፣ ያንን እለፈው» ይላሉ። እነሱ ሲበላሹ ንባቡ ይዛባል፤ አንዳንዱ ካንሰር፣ አንዳንዱ የስኳር በሽታም ከዚሁ የሚነሳ አለ። እኔ ምልክት እያስተማርኩ ስሸብት ምልክት እላዬ ላይ እንዳለ ማን ነገረኝ?

«ልጅ ገና በማህፀን ሳለ ቀለም የሚሰጡትን ሴሎች የሚያዝ ፕሮቲን አለ» ብላ ቀጠለች። «ትእዛዙ ሲጎድል ሴሎቹ በቦታቸው አይገኙም። ዓይን ላይ ከታጡ ዓይን ሰማይ ይመስላል። ጆሮም ውስጥ ያስፈልጋሉ፤ እዚያ ከታጡ ጆሮ አይሰማም። ግንባር ላይ ከታጡ ደግሞ...»

ዓይኗ ጥምጣሜ ላይ አረፈ።

«ታዲያ ከማን መጣ?» አለች እታለም።

ስመኝ ጥፍሯን ማየት ጀመረች። ልጅ አይደለች፣ አባቷን በሰው ፊት እንዴት ታዋርድ! እኔ ግን ገብቶኛል። ዝም ካልኩ ትሁን ከረጢቷን አንስታ ትሄዳለች፤ ከተናገርኩ መልአክ የሳመው ግንባራችን አበቃለት። ጥምጣሜን ፈታሁ። በሰው ፊት፣ በራቁት ጭንቅላቴ፣ መሪጌታው!

«ከአባታችን ነው፣ እታለም» አልኩ። «ከእኛው ቤት ነው። ለእኛ ጸጉር ላይ ቀረልን፣ በይበልጣል በኩል አልፎ ለእሷ ጆሮዋን ወሰደባት።»

የእታለም እጅ ወደ ሻሿ ሄዶ እዚያው ቀረ። ማስተዋልን አየቻት፣ ቆይታ ቆይታ አየቻት። አሁን ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። እታለምን አታውቋትማ!

«እንግዲያ ልጅቷ ቦቃ ናታ!» ብላ ጮኸች። «ቦቃው ዓይኗ ላይ ወረደላት እንጂ! ታዲያ የአባቴን ምልክት ይዛ ደምበጫ ትሂድ ያለው ማነው? ማነው እሱ?»

ትሁን ነጠላዋን ከፊቷ አነሳች። «እርስዎ ነዎት፣ እታለም» አለች፣ ቀስ ብላ።

እታለም ሻሿን ፈታች፤ ያቺን ነጭ ጸጉሯን ሳያት ከልጅነታችን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ሄዳ የትሁንን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል ትሁን ቀድማ አነሳቻት። ሁለቱም አለቀሱ። እኔም አልቅሻለሁ፣ ምን ይደበቃል። ከረጢቱን የፈታው ይበልጣል ነው።

አሁን እታለም ሻሽ አታስርም። ሉማሜ ላይ ያገኘችውን ሁሉ እያስቆመች «የእኛ ቤት ጂን አለበት! ዩኒቨርሲቲ የሚጠናው የእኛ ጂን ነው!» ትላለች፤ ሰዉ እያማተበ ያልፋል። ስመኝ ዘረ መል ይበሉ ብትላት ወይ ፍንክች።

ማስተዋል ደብረ ማርቆስ መስማት የተሳናቸው ልጆች ከሚማሩበት ክፍል ገብታለች፤ ከእናቷ ጋር እኛ ቤት ናቸው። የምትማረው የምልክት ቋንቋ ነው። ምልክት! ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩትን ቃል አሁን እሷ ታስተምረኛለች፤ ስሳሳት እኔ ተማሪዎቼን እንደምቆጣው ትቆጣኛለች። ስምም አውጥታልኛለች፦ ጣቷን ግንባሯ ላይ ታሳርፍና ወደ ላይ ትስባለች። ቦቃ ማለት ነው። መሪጌታነቴ ቀረ፣ ቅር አላለኝም።

ባለፈው የራሷን ስም ጠየቅኳት። ጣቷን ግንባሯ ላይ አሳረፈች፣ ከዚያ ቀስ አድርጋ ወደዚያ ሰማይ ዓይኗ አወረደችው። ከማን እንደወሰደችው አላውቅም። እታለም ያን ቀን «ቦቃው ዓይኗ ላይ ወረደላት» ብላ የጮኸችውን እሷ እኮ አልሰማችም።