እርግብ ነው ብዬ የማልኩበት ሳጥን

«ሞትን በሳጥን እያሳደጋችሁ ነው ሙሽራ የምትሰጡን?»

ይህን ዛሬ ፊት ለፊት ያሉኝ እህቴን ወርቄን ለልጃቸው ሊጠይቁ ከቸሃ የመጡት ሽማግሌ ናቸው።

ወይኔ ጉዴ! ቆይ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ለወርቄ ድግስ የተቀመጠውን ገብስ አይጥ ፈጀው። ድመታችን? እንደ እንግዳ ተጎልታ ታያለች!

እኔ ደግሞ የተማርኩ ነኝ። የሳይንስ አስተማሪያችን «አይጥ ያስቸገረው ጉጉት ያስጠጋ» ብለውናል። ወልቂጤ ገበያ ያለ ባለሱቅ ሻይ ቅጠሉን አራግፎ የጣለውን የጣውላ ሳጥን ለመንኩ፤ በአንድ ጎኑ በሳሁት፤ ከሳሎናችን መስኮት በላይ፣ ከጣራው ሥር ቸነከርኩት።

«ምንድን ነው?» አለች እማዬ።

ጉጉት ከጮኸበት ቤት ሬሳ ይወጣል የምትል ሴት ናት። እውነቱን ብነግራት ሳጥኑን ከነእኔ ታቃጥለዋለች!

«የእርግብ ቤት።»

«የምርሽን?»

«ጃንሆይ ይሙቱ!»

እስቲ ፍረዱኝ፣ ሌላ ምን ልበል?

ጉጉቷ መጣች፣ ፈለፈለች፣ አይጡም ድራሹ ጠፋ። እማዬማ «እርግቦቻችን ዓይናፋር ስለሆኑ ነው የማይታዩት» እያለች ለሰፈሩ ታወራለች።

ዛሬ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ልጁን የምትወደው ወርቄ መጋረጃ ጀርባ ትንፋሿን ውጣለች። ነገሩ ሊያልቅ አንድ ቃል ሲቀረው...

ኽርርርር! ለካ የጉጉት ጫጩት ሲርበው ያንኮራፋል!

«የታመመ ሰው አለ እንዴ?» አሉ ሽማግሌው።

«ኧረ የለም ጌታዬ! የልጄ እርግቦች ናቸው።» የእማዬን ኩራት ባያችሁ!

«እርግብ ያንኮራፋል?»

ወጥተው ቀና አሉ። ጉጉቷም አንገቷን አውጥታ ቁልቁል አየቻቸው።

ያን ጊዜ ነው ስጀምር የነገርኳችሁን ቃል የተናገሩኝ። ከዘራቸውንም አነሱ። «ይኼ ነገር ከግቢው ሳይወጣ አንቀመጥም!»

እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ወርቄ ግን መጋረጃውን ገልጣ፣ ደጅ ሽማግሌ ፊት ብቅ!

«ውሰጂልኝ! አንቺ ሳይንስሽን ያዢ፣ እኔ ባሌን!»

ጫጩቶቹን ከነሳጥናቸው አወረድኩ። እናትየው ጉጉት ራሴን ቧጥጣኝ ጓሮ ካለው ዛፍ ላይ አረፈች። ከግቢ ስወጣ ሽማግሌዎቹ ወንበር ሲስቡ ሰማሁ።

ከመንገዱ ማዶ ወፍጮ ቤት አለ። አይጡ ለጉድ ነው!

«ምን ተሸክመሽ ነው፣ ልጄ?» አሉ ባለወፍጮው።

«እርግብ።»

«እርግብማ በረከት ነው! እዚያ ላይ ስቀይልኝ።»

ሰቀልኩላቸው። ሳጥኑ አንኮራፋ፤ ወፍጮው ግን ይጮኻል።

ከመሰላሉ ወርጄ ሄድኩ።