የሦስት ወር ማስረጃ

(ጠባብ የኮምፒዩተር ጥገና ክፍል። ጠጋኙ ሰፈሩ ባወጣለት ስም «ሊቁ» ይባላል። አብሮት የሚሠራው አማቹ፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ በትንሽ ብሩሽ ማራገቢያ እየጠረገ ነው። ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል፤ ባዩ ሊቁ ራሱ ነው።)

ሊቁ፦ ስንቴ ልንገርህ? ቮልቱን ከፍ ስታደርግለት ፕሮሰሰሩ ከፋብሪካ ፍጥነቱ በላይ ይሮጣል። በቃ።

አማቹ፦ እሱስ ገባኝ። ግን ሲውል ሲያድር አይጎዳውም?

ሊቁ፦ ምኑን ነው የሚጎዳው?

አማቹ፦ እንጃ። ፋብሪካው ከአንድ ነጥብ ሦስት አትለፉ ብሎ ጽፎ የለ?

ሊቁ፦ ፋብሪካ ድሮም ፈሪ ነው።

አማቹ፦ ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ።

ሊቁ፦ አንተ ደግሞ! ይኸው የሱቁ ማሽን። አንድ ነጥብ አምስት ከሰጠሁት ድፍን ሦስት ወር ሆነው። ሞተ?

አማቹ፦ ኧረ አልሞተም።

ሊቁ፦ ጋለ?

አማቹ፦ እንዲያውም ቀዝቅዟል።

ሊቁ፦ አልፈጠነም?

አማቹ፦ ፈጥኗል። እሱን አልክድም።

ሊቁ፦ ማስረጃ ማለት ይኼ ነው። (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ለዚህ ነው ዛሬ ለእህትህም ውለታ የዋልኩላት። ከቤት ስወጣ የሷን ኮምፒዩተር እንደዚሁ አደረግኩላት።

(አማቹ ብሩሹን አስቀመጠ።)

አማቹ፦ የሕንፃ ንድፏን የምትሠራበትን? ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ሠርታ የምታስረክብበትን?

ሊቁ፦ እሱኑ። ቶሎ ጨርሳ ትመርቀኛለች።

አማቹ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትቆጣ።

ሊቁ፦ በዛሬ ቀን ማን ይቆጣል? ንገረኝ።

አማቹ፦ የሱቁን ማሽን ቮልት በጨመርክ ማግስት የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ፈራሁና ወደ ፋብሪካው ልክ መለስኩት።

ሊቁ፦ መቼ?

አማቹ፦ የዛሬ ሦስት ወር።

(ሊቁ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።)

ሊቁ፦ ታዲያ ፍጥነቱ ከየት መጣ?

አማቹ፦ ማራገቢያው በአቧራ ታፍኖ ነበር፤ ሲግል ጊዜ ነው ይንቀራፈፍ የነበረው። ጠረግኩለት። በየሳምንቱ እጠርግለታለሁ።

ሊቁ፦ ምነው ሳትነግረኝ?

አማቹ፦ ልነግርህ ስጀምር «ዝም ብለህ ጥረግ» አልከኝ። ዝም ብዬ ጠረግኩ።

(ስልክ ይጠራል። ሊቁ አይቶት ለአማቹ ያቀብለዋል።)

ሊቁ፦ እህትህ ናት። አንተ አናግራት።

አማቹ፦ (አዳምጦ፣ ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ) ሸተተና ድርግም አለ ነው የምትለው። «ያ ሰው ጠዋት ምን ነካካብኝ?» እያለች ነው። ምን ልበላት?

ሊቁ፦ (አንገቱን ደፍቶ ብሩሹን አነሳ።) ነገር ቶሎ አይገባውም በላት።