ከቆሎ መጠቅለያ ላይ የለቀምኳት ዴላ

ዛሬ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተራ፣ አንድ ሰውዬ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ የቆሎ መጠቅለያ እየፈታ ሲያነብ ያያችሁ ካላችሁ፣ አዎ፣ እኔ ነኝ። መካድ አልችልም፤ አንዳችሁ ፎቶ አንስታችሁኛል!

ነገሩ እንዲህ ነው።

በኮንዶሚኒየማችን የጋራ ሕንፃ፣ ኮሚናሉ ውስጥ ትንሽ የንባብ ክፍል ከፍተናል። መጽሐፍ መራጩ ማን ነው? እኔ! ባለፈው ሳምንት ከአሜሪካ አንድ ካርቶን ያገለገሉ መጻሕፍት በስጦታ መጡልን። ከመሃላቸው ሦስት ተከታታይ ኮሚኮች፣ በሥዕል የተተረኩ መጻሕፍት፣ አሉ፤ ሽፋናቸው ላይ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ልጅ ፋኖስ ይዛ ትሮጣለች።

«ሥዕል ማየት ንባብ አይደለም» ብዬ ፈረድኩ። እዚሁ ፔጅ ላይም ለጠፍኩት። ላይክ አድርጋችሁልኛል፤ ተባባሪዎች ናችሁ!

ግራውንድ ላይ ሱቅ ያላቸው ጎረቤቶቼ ሰሚራ የምትባል የስምንተኛ ክፍል ልጅ አለቻቸው። «ጋሼ፣ ሁለቱን የንባብ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጨርሻለሁ፤ ሦስተኛውን ብቻ ይስጡኝ» ብላ ለመነችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ቁም ነገር አንብቢ!» አልኳት።

ሐሙስ ዕለት ሦስተኛውን ታክሲ ተራ ቆሎ ለሚሸጡት ለእትዬ ዘነበች ለመጠቅለያ ሰጠሁ። ሁለቱን አስቀረሁ። ልተቻቸው ነዋ!

ትናንት ከምሳ በኋላ ብዕር ይዤ ለትችት ተቀመጥኩ።

ብዕሩን ግን ሳልከፍተው ቀረሁ።

እናንተዬ! የሽፋኗ ልጅ፣ ዴላ፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ከጥጥ እርሻ፣ ከባርነት አምልጣለች። ጥላዋ ከእሷ ተላቆ ቀድሞ ይሄድና አሳዳጆቹ የት እንዳደፈጡ ሰልሎ ይመለሳል! እኔ ባርነትን የማውቀው በዓመተ ምሕረትና በአዋጅ ነበር። ልጅቷ ዛፍ ላይ ሆና ትንፋሿን ስትውጥ ግን አብሬያት ዋጥኩ።

ሁለተኛው መጽሐፍ ሲያልቅ ትንሽ ወንድሟን እንዲያመጣ ጥላዋን ወደ እርሻው ልካዋለች። ነግቷል። ጥላው አልተመለሰም።

ከዚያስ?

ከዚያማ ቆሎ ሆኗል!

ዛሬ በማለዳ ሮጥኩ። እትዬ ዘነበች መረቁኝ። «እንዴት ያለ ወረቀት ነው፣ የኔ ጌታ! ወፍራም፣ የማይቀደድ። ሌላ የለህም?»

«የጠቀለሉትን ሁሉ ይስጡኝ።»

«ሁሉንም? ምነው፣ ማኅበር አለብህ?»

ፈታሁ። ገጽ ሠላሳ አንድ። ገጽ ስምንት። ገብስ በገብስ ሆንኩ። አንድ ወያላ «ፋዘር፣ ውስጡ ሎተሪ አለው እንዴ?» ብሎ ሰልፉን አሳቀው።

ያኔ ከጀርባዬ አንድ ድምፅ መጣ።

«ጋሼ፣ ገጽ አሥራ ዘጠኝ እርስዎ ጋ ነው?»

ሰሚራ! ዩኒፎርም ለብሳ፣ ደብተሯ መሃል የተጨማደዱ ገጾች ደርድራ! ለካ ከሐሙስ ጀምሮ መክሰሷ ቆሎ ብቻ ነው።

«ቁም ነገር እያነበቡ ነው?» አለችኝ። አቤት ምላስ!

«ገጾቻችንን እንገጣጥም» አልኳት በትሕትና።

«እሺ። ግን ለኮሚክ አንድ መደርደሪያ ይሰጡናል። ደግሞ ዛሬውኑ ፔጅዎ ላይ ይጽፋሉ።»

«ምን ብዬ?»

«የሆነውን ነዋ። ሳያሳምሩ!»

ጻፍኩ፤ ከመለጠፌ በፊትም አንብባ አጽድቃዋለች። መደርደሪያውንም ሰጥቻለሁ። ስንት መጽሐፍ አንብቤያለሁ እያልኩ ስጎርር የኖርኩ ሰው፣ አባቷ ሱቅ ደጃፍ ላይ ከስምንተኛ ክፍል ተማሪ ጋር ገጽ በገጽ ተሻምቼ አነበብኩ። እንዲህ ተደስቼ ያነበብኩበትን ቀን አላስታውስም!

ግን የመጨረሻዋ ወረቀት የለችም። ዴላ ወንዝ ዳር፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ያለ ጥላ ቆማለች። ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። ዞር አለች።

እዚህ ላይ ተቋረጠ።

እባካችሁ፣ ከሐሙስ ወዲህ ቱሉ ዲምቱ ቆሎ ገዝታችሁ ታክሲ የገባችሁ ሁሉ፣ ኪሳችሁን፣ ቦርሳችሁን ፈትሹልን። ቆሎውን ብሉት፤ ወረቀቷን አንብቧትና ኮሜንት ላይ ንገሩን።

ማን ነው የመጣው?